«ሰነድሽ አልተሟላም» ያልኳት ሴት

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ወንበር ደርድራችሁ፣ አበባ ገዝታችሁ ልትሸኙኝ በመሰብሰባችሁ አመሰግናለሁ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የሰጡኝ የምስክር ወረቀት «እንከን የለሽ አገልግሎት» ይላል። አንብቤዋለሁ። ቀስ ብዬ ቢሆንም አንብቤዋለሁ።

ውሸት ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ እዚሁ ማዕከል፣ የጎልማሶች ክፍል ውስጥ ነው። ከጽዳት ወደ ምዝገባ መስኮት ያዛወራችሁኝም ከዚያ በኋላ ነው። «አንድ ጣት» የሚል ስም እንዳወጣችሁልኝ የማላውቅ መስሏችኋል? በአንድ ጣት ቁልፍ እየፈለገ የሚጽፍ ሰው ጆሮው ሁለት ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ባሰብኝ። እናንተ በአምስት ደቂቃ የምትሞሉትን ቅጽ እኔ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት እፈጅበታለሁ። ሲስተሙ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ገጽ ካልቀየርኩ ተነሥቼ የሄድኩ ይመስለዋል። «መዝግብ» የሚለውን ስጫን የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። ተመልሼ ስገባ ቅጹ ባዶ ነው። የሞላሁት ሁሉ የት ገባ? ማንን ልጠይቅ? ጥፋቱ የእኔ መንቀርፈፍ መስሎኝ አፈርኩ።

ታዲያ ፊቴ ለተቀመጠው ሰው ምን እለው ነበር? «ሰነድህ አልተሟላም፤ ነገ ተመለስ።»

አንዲት ልብስ አጣቢ ነበረች። እንደ እኔ ፊደል ልትቆጥር ነው የመጣችው። ሦስት ቀን መለስኳት። በሦስተኛው ቀን፣ «እትዬ፣ የጎደለኝን ይንገሩኝና ላምጣ» አለችኝ።

«አታድርቂኝ! የጎደለሽን አንቺ ታውቂያለሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አያት። በማግሥቱ ምዝገባው ተዘጋ።

በዚያው ሰሞን ሲስተሙን የሠራችው ፕሮግራመር በየመስኮቱ እየዞረች ትጠይቅ ነበር። «እትዬ፣ ሲስተሙ መሃል ላይ አስወጥቶዎት ያውቃል?»

«እኔን? ኧረ በጭራሽ!»

ሁለት ዓመት እንዲህ አልኩ። ባለፈው ወር ከኋላዬ ቆማ ሳለች ቅጹ ጠፋ። «ይሄ እኮ የእኛ ጥፋት ነው! ምነው ሳይነግሩኝ?» አለች። በሦስት ቀን አስተካከለችው። አሁን የጻፍኩት እዚያው ይቀመጣል፤ ሊያስወጣኝ ሲል ያስጠነቅቀኛል፤ ተመልሼ ስገባም ካቆምኩበት ያስጀምረኛል። ሦስት ቀን! እኔ ሁለት ዓመት ሰው መለስኩ።

ባለፈው ሳምንት የልብስ አጣቢዋን ቤት አጠያይቄ ሄድኩ። እውነቱን ነገርኳት። በጥርሷ የያዘችውን የልብስ መቆንጠጫ አወጣችና፣ «እኔ እኮ ምን እንደጎደለኝ ሁለት ዓመት ሳስብ ኖርኩ» አለችኝ።

ይቅር አላለችኝም። እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ አፌ አልፈታ አለኝ። «ሰኞ ምዝገባ ይጀመራል» ብያት ወጣሁ።

ሰኞ እኔ የለሁም። በእኔ ወንበር የምትቀመጪው ልጄ፣ ያቺ ልብስ አጣቢ ከመጣች ስሟን ከመመዝገብሽ በፊት ምንም እንዳልጎደላት ንገሪያት።

ለሁላችሁም ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ። የደከማችሁበት አይጥፋባችሁ። «አልቻልኩም» ስትሉ የማይስቅባችሁ ባልደረባ ይስጣችሁ። እኔስ ይኸው ዛሬ «አልቻልኩም» ብዬ ሞከርኳችሁ።

ማንም አልሳቀም። ሰላም ሁኑ።