በሩን የሚዘጋው ማን ነው?

ከሉማሜ ወደ ማርቆስ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከኋላዬ አንዲት እናት አጠገባቸው ለተቀመጠው ወጣት ይናገራሉ።

«ልጄ ኢንተርኔት ቤት ገብታ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስትሞላ ነርስነት መረጠች። ከእሷ ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ምርጫዋን ለወጠባት። ይኸው ያልፈለገችው ትምህርት ደረሳት!»

«ሎግ አውት ሳታደርግ ተነሥታ ነዋ።»

«ገጹን ዘግታ ነው የተነሣችው!»

«ገጹ ቢዘጋም ኩኪ የሚባል ምልክት ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። ድረ ገጹ እሷ ያለች ይመስለዋል።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ወር። ሰው የይለፍ ቃል በመጻፍ እንዳይሰለች ብለን ነው።»

«ብለን? ድረ ገጹን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«ከጓደኞቼ ጋር። ግን እናቴ፣ ጥፋቱ የእሷ ነው። መውጫውን መጫን ነበረባት።»

«ወግድ! እንግዳ ሸኝቶ በሩን የሚዘጋው ባለቤቱ ነው እንጂ እንግዳው ነው? ሰው ሁሉ በሚፈራረቅበት ኮምፒውተር በሩን ወር ሙሉ ከፍተህ ትተህ፣ በልጄ ታላክካለህ?»

«እሺ አይቆጡ። ስሟን ይንገሩኝና ገብቼ አስተካክለዋለሁ።»

«እሷ ሳትኖር?»

«እኔ እችላለሁ።»

«ለካ አንተም እንዳሻህ ነው የምትገባው!»

ማርቆስ ስወርድ፣ ረዳቱ በሩን ከኋላዬ እስኪዘጋው ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ።