ቤቱ ከዘመድ አልወጣም

ነይ ጃሱዬ፣ እዚህ ጎኔ ቁጭ በይ። ናይሮቢ እንዴት ተስማምቶሻል እባክሽ! ጉንጭሽ ሞልቷል፣ መልክሽ ጠርቷል… ልጅሽ ደህና ነው? ምራትሽስ? እሰይ! ስድስት ዓመት ሙሉ ጠፍተሽ ጠፍተሽ ለወንድሜ ልጅ ስም ማውጫ ቀን ከች አልሽ። እግር አለሽ! በይ እጅሽ ሥራ እንዳይፈታ ይህን እሸት አተር አብረን እንፈልፍለው። ካህኑ ገና አልመጡም። የወንድሜ ፋብሪካ ሠራተኛም፣ ሰፈርተኛውም ምሳው እዚሁ ስለሆነ ይህ ሁሉ አተር አይበቃም።

ስሙን የማወጣው እኔ ነኝ እኮ! ወጋችን ጠፋሽ እንዴ? የሕፃን ስም የምታወጣው የአባቱ እህት ናት። ሰውየው የፈለገ ሀብት ይኑረው፣ ያለ እህቱ ለልጁ ስም አይወጣለትም። ባለፈው ሳምንት ራሱ በመኪና መጥቶ፣ ደረጃችንን ወጥቶ፣ «እህቴ፣ ያለ አንቺ እኮ አይሆንም» አለኝ። አቤት ደስ ሲለኝ! ይህን ቃል ከአፉ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር… መጨረሻ የሰማሁት የባንክ ወረቀት ይዞ የመጣ ዕለት ነው።

ወንድሜ፣ ሻይህ እንዳይበርድብህ! … አየሽው? ያውልሽ፣ ዥዋዥዌው ላይ። ሻይ በሳህን ገልብጦ መጠጣት ድሮም ይወዳል። ሰው ሀብት ሲያገኝ ይለወጣል ይባላል፤ እሱ ግን ሲከስርም ሲከብርም ያው ነው። እንዲያውም ሲከስር ያምርበታል።

በረንዳዋ ነፋሻ ናት፣ አይደል? የሠራት ሰው ያውቅበታል።

አገሩ እንዴት ከረመ አልሽኝ? ሞርቢ ያው ሞርቢ ናት፤ የወለል ንጣፍ ትጋግራለች፣ አቧራ ትበላለች። ግን እጃችን እንዳይደክመን አንድ ጨዋታ ልንገርሽ። ስለማንም አይደለም! ከወንዙ ማዶ ስለምትኖር አንዲት ሴት ነው። ስሟን ተይው። … ቁመቷ? የእኔን ያህል ትሆናለች። አዎ፣ እሷም ግራ ጉልበቷን ያማታል፤ ስንቱን ሴት ጉልበቱን ያመው የለ! ባሏ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ… ምን ያስቅሻል? ባገሩ ላይ አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ ብቻ ነው እንዴ ያለው? ፈልፍይ!

ይህቺ ሴት ታናሽ ወንድም አላት። ወርቅ የሆነ ወንድም! እናታቸው ስትሞት አጉርሳ፣ አጥባ፣ አበጥራ ያሳደገችው እሷ ናት። አደገና የንጣፍ ፋብሪካ አቆመ። ባንኩም «ለኩባንያው አበድራለሁ፣ ግን ሰው በግሉ ዋስ ይሁነኝ» አለ። ወንድምየው አላቅማማም፤ ቀድሞ የፈረመ እሱ ነው። ባንኩ ግን «በስምህ ምን አለህ?» ብሎ ቢጠይቀው… ምስኪን! ከጫማው በቀር ምንም የለው። መኪናው የኩባንያው፣ መሬቱ የሚስቱ፣ ወርቁ የአማቱ። መናኝ በዪው! እንዲህ ዓለምን የናቀ ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ?

እሷ ደግሞ ቤት አላት። አስተማሪው ባሏ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን አፍስሰው የሠሩት ነው። ሊያስመዘግቡት ሲሄዱ «ለሴት የምዝገባ ክፍያ የለም» ቢሏቸው ደስ ብሏቸው በስሟ አደረጉት። ወንድሟ ይህን ያውቃል፤ ቤተሰብ አይደል? ፔንዳ ይዞላት መጣ፣ ያን የወተት ጣፋጭ፣ ከራጅኮት ያስመጣውን። «እህቴ፣ ያለ አንቺ እኮ አይሆንም። ፊርማ ብቻ ነው። ፊርማ ደግሞ ምንድነው? ቀለም!» አላት። ባሏ በመነጽራቸው አናት አዩትና «ቀለሙ የሚቀባው የማን ቤት ላይ ነው?» አሉት። እሷ ተቆጣቻቸው፤ «ወንድሜ እኮ ነው!» ብላ። ፈረመች። እውነት ለመናገር ግን ፔንዳው ይጣፍጥ ነበር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ… እኔ ይህን ተረት አልወደውም። ወንድም ይጠረጠራል? ወንድም ይታመናል እንጂ። መመንጠሩ ኋላ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ፋብሪካው ሲሠራ፣ ሲሠራ ቆይቶ የጋዝ ዋጋ ሰማይ ነካና ምድጃው ቀዘቀዘ። ባንኩም ኩባንያውን አህመዳባድ ወስዶ የኩባንያዎች ችሎት ፊት አቆመው። ኪሳራ ገባ ማለት ነው። ችሎቱ አንድ አስተዳዳሪ ሾመና ጉዳዩ እስኪያልቅ ማንም አበዳሪ ኩባንያውን እንዳይከሰው፣ ዕቃውንም እንዳይነካው አገደ። ያቺ ሞኝ ይህን ስትሰማ እናት ኡሚያ ቤተ መቅደስ ሮጣ ለአምላኳ የምስጋና ኮኮነት ሰበረች። «ወንድሜ ጥላ አገኘ፤ እኔም ከጥላው ሥር ነኝ» ብላ።

የባንኩ ማስጠንቀቂያ በስሟ መጣ።

ጠበቃ ቫሳቫዳ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፣ ሲናገሩ ጆሯቸውን የሚያኩ። እሳቸው ጋ ሄደች። «እመቤቴ፣ ጥላው ለኩባንያው ነው» አሏት። «ዋስ የሚቆመው ዝናብ ላይ ነው።»

«ታዲያ ባንኩ መጀመሪያ ከኩባንያው ጋር አይጨርስም?»

«አይገደድም። አንዱን ባንድ እጁ፣ ሌላውን በሌላ እጁ መያዝ ይችላል።»

ለወንድሟ ደወለችለት። እሱ እንዴት ያለ ጨዋ መሰለሽ! «እህቴ፣ ጉዳዩ ችሎት ስለያዘው አስተያየት ባልሰጥ ይሻላል» አላት። ሕግ አክባሪ! ሌላው ቢሆን እኮ ለእህቱ ሲል ይዘላብድ ነበር፤ «አይዞሽ» ምናምን ይል ነበር። … ወንድሜ፣ ዥዋዥዌውን ምነው አቆምከው? ደስ የሚል ነፋስ ያመጣልን ነበር እኮ!

የት ደረስኩ? አዎ። ለፋብሪካው ገዢ ተፈለገ። ያከሰረ ባለቤት ተመልሶ እንዳይገዛ ሕጉ ይከለክላል፤ ግን ለትንንሾቹ ይፈቅዳል። ትንሽ መሆን መታደል ነው ጃሱዬ! እዚያም ሲመዘን ትንሽ ሆኖ ተገኘ… ማለቴ ፋብሪካው። በሚስቱ ዘመዶች ገንዘብ ተመልሶ ራሱ ገዛው። ከዕዳው ሩቡን ያህል ከፈለ፤ አበዳሪዎቹ «ከምንም ይሻላል» ብለው ድምፅ ሰጡ፤ ችሎቱ አጸደቀ። የቀረው ዕዳ ከኩባንያው ላይ ታጠበ። ሕፃን እንኳ እንዲህ አይታጠብም!

እሷም አብራ የታጠበች መስሏት ፔንዳ ገዝታ ጠበቃው ጋ ሄደች። ሰውየው ፔንዳውን አልነኩትም፤ ጆሯቸውን ብቻ አከኩ። «የታጠበው የኩባንያው ነው። የእርስዎ ዋስትና ራሱን የቻለ ውል ነው፤ ፊርማዎ እዚያው አለ። ቀሪውን ባንኩ የሚጠይቀው ከእርስዎ ነው» አሏት።

«እሺ፣ ከፍዬ ከኩባንያው አስመልሳለኋ?»

«ያም መብት አብሮ ታጥቧል።»

ላም አለኝ በሰማይ ይባላል፣ አይደል? የሷ ላም እንኳ ሰማይ ላይ አይደለችም። እዚሁ መንገድ ዳር ናት፤ ቀንዷን አዲስ ቀለም ተቀብታ ስትታለብ በየቀኑ ታያታለች። ባለ ወተቱ ነው የተለየው።

ከዚያማ ተራው የሷ ሆነ። ባንኩ በዋሷም ላይ እዚያው ችሎት አመለከተ። ንብረታቸውን መዝግቦ ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው መጣ፤ ትሑት ልጅ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የገባ። «ከቤቱ ሌላ ምን ሀብት አላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አስተማሪው ግድግዳው ላይ ያለውን የዓለም ካርታ አሳዩትና «ይኸው፣ ሰባት አህጉር አለኝ፤ ባንኩ ደስ ያለውን ይምረጥ» አሉት። ልጁ በሳቅ ፈነዳ። እሷም ሳቀች። ኋላ ግን ዕቃ ቤት ገብታ፣ የሳሪዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። ባሏ እንኳ አልሰሟትም። … እኔ ከየት ሰማሁ? እ… ሰው ነገረኝ። ይህ አተር ደግሞ ነቅዟል መሰለኝ፤ ዓይኔን አቃጠለኝ።

የወርቅ አምባሯን አወለቀች። ቤቱንም ሸጠው ለባንኩ ሊሰጡ፣ ባንኩም በዚያ ሊለቃቸው ተስማሙ። የተጨነቀ ሰው ቤት ደግሞ ስንት እንደሚያወጣ ታውቂያለሽ። ገዢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? … የወንድሟ አማት! እግዜር ያሳይሽ! ባዳ ገብቶ እንዳይረግጠው፣ የእህቱ ደጃፍ ለማያውቁት ሰው እንዳይሆን አስቦ እኮ ነው። ወንድም ማለት ይህ ነው! ቤቱ ከዘመድ አልወጣም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል… አመዱ የማን ድርሻ እንደሆነ ተረቱ አይናገርም እንጂ።

ቁልፍ ያስረከቡ ዕለት ወንድሟ አልመጣም፤ ኡዳይፑር ለሰርግ ሄዶ ነበር። ግን አልረሳትም። ፔንዳ ላከላት።

አሁን ቤቱን ሮዝ ቀለም ቀብተውታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ውሸታቸውን ነው፤ ያደምቃል እንጂ! እንደዚህ ያለች ነፋሻ በረንዳ አለችው፤ ከበሩ ሦስተኛው ንጣፍ ሲረግጡት ቀጭ ይላል፤ ባልየው በገዛ እጃቸው የሰቀሉት ዥዋዥዌም አልተነሳም… ወንድሜ፣ ምነው ተነሳህ? ቁጭ በል እንጂ፣ በገዛ ቤትህ! … ውይ፣ አፌን! በአማትህ ቤት።

እዪው፣ ወደ ውስጥ ገባ። እንግዳ ሊያስተናግድ ይሆናል፣ ይሉኝታ ያውቃል።

ይቅርታ ጠየቃት ወይ? ምን አጥፍቶ ነው የሚጠይቃት ጃሱዬ? ሁሉም በሕግ፣ በማኅተም፣ በችሎት ነው የሆነው። ለእህቱ የማይሆነው ነገር የለም እኮ! አንዳንድ ክፉ ሰው ግን ነገሩን ያሳጥረውና «ለእህቱ የማይሆን» ይለዋል። የሰው አፍ ምን ይደረጋል?

እሷማ ደህና ናት! አትዘኝላት። ከጣፋጭ ቤቱ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተዋል፤ ቀኑን ሙሉ የስኳር ሽታ በነጻ ነው። ከዕዳ ነጻ የወጡ ዕለት ከችሎቱ ደጃፍ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የቃሪያ ጥብስ ገዝተው፣ እንደ ልጅ እየተሻሙ በሉ። አስተማሪው ጣታቸውን ልሰው፣ «አየሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ በራችንን የሚያንኳኳ ሁሉ እንግዳ ነው» አሏት። ከዚያ ወዲህ በር ሲንኳኳ አትደነግጥም። ሮጣ ትከፍታለች። ባለፈው ሳምንት እንኳ ማን እንዳንኳኳ ብታይ፣ ያለ ምንም ቂም ሻይ አፍልታለታለች። ሊሄድ ሲነሳ አምባሯን ያወለቀችበትን ባዶ እጇን አየና ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ። የራሱ ንብረት እሱ ብቻ አይደል? ሰው የገዛ ንብረቱን ቢያይ ምን ነውር አለው?

ካህኑ መጡ መሰል! ተነሺ፣ አተሩን ለወጥ ቤት ስጪያቸው። ጨርቁን አምጡ፣ ሕፃኑን መሃሉ ላይ አስተኙት! አራት ልጆች አራቱን ጫፍ ይያዙ፣ ቀስ አድርጋችሁ ወዝውዙት፤ እንዳትጥሉት! … ይህቺ ማናት? ሂርቫዬ! የወንድሜ የበኩር ልጅ ናት ጃሱዬ፤ አንቺ ስትሄጂ ገና አልተወለደችም። ነይ አንቺ፣ አትፈሪ። ቀሚስሽ እንዴት አምሮብሻል!

እንግዲህ ስሙ ዳርሚል ይሁን። ጽድቅ ያለው ማለት ነው። እልል በሉ! አባቱስ የት ሄደ? ጥሩት እንጂ፤ ምርቃቱ እንዳያመልጠው። … መጣህ ወንድሜ? ና፣ ወደዚህ ቀረብ በል፣ በደንብ ስማ።

ሂርቫዬ፣ እጅሽን ወንድምሽ ግንባር ላይ አድርጊ። ተመልከቺ፣ ጣትሽን እንዴት ጨምድዶ እንደያዘ! ገና በስምንተኛ ቀኑ እህቱን አወቃት። እናት ኡሚያ ሁለታችሁንም ታሳድጋችሁ፤ ዕድሜያችሁን እንደ ወንዝ ታርዝመው፤ ደጃችሁን ወተት በወተት ታድርገው። ሂርቫዬ፣ የእኔ ቆንጆ፣ አንቺ ለወንድምሽ ልክ እንደ እኔ ሁኚለት… እሱም ላንቺ ቁርጥ አባቱን ይምሰልልሽ።