ፀሐይ የማይወድ ቦሎቄ

ከጅጅጋ ወደ ቱሊ ጉሌድ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፤ ከኋላዬ አንድ ሰውዬና አንዲት እናት ያወራሉ።

«እናቴ፣ ቦታ ይቀይሩኛል? እኔ ጋ ፀሐዩ በረታ።»

«አንተን የሚያህል ሰው ፀሐይ ይፈራል?»

«ለእኔ አይደለም፤ ለዚህ ቦሎቄ ነው።»

«ቦሎቄ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፀሐይ የማይስማማው?»

«ለዘር ነው። የግብርና ባለሙያዋ በስኳር ውሃ አርሳ በጥቁር ዱቄት ለወሰችልኝ። ዱቄቱ ለሰብሉ የሚበጅ ነፍስ ያለው ባክቴሪያ ነው፤ ፀሐይ ከመታው ይሞታል። ዛሬውኑ ካልተዘራም ዋጋ የለውም።»

«እኛ ለሻይ ያጣነውን ስኳር ለቦሎቄ?»

«ጥቂት ናት፤ ዱቄቱ እንዲጣበቅ ብቻ።»

«ለውጥ አለው?»

«አምና ግማሹን ማሳ በዚህ፣ ግማሹን እንዲሁ ዘራሁት። የተለወሰው እስከ ጉልበቴ ደረሰ፤ ሌላው ቢጫ ሆኖ ቀረ።»

«እንዲያ ከሆነ ቦሎቄው ወደ እኔ ይምጣ። አንተ እዚያው ተቀመጥ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። … ኧረ እናቴ፣ ምን እየዘገኑ ነው?»

«ዛሬውኑ መዘራት አለበት አላልክም? ላግዝህ ብዬ ነው፤ ጓሮዬ ቅርብ ነው።»

«ሳይጠይቁኝ?»

«አንተስ ጥላዬን በነጻ ልትወስድ ነበር?»

እኔም የተቀመጥኩት በጥላው በኩል ነበርና፣ ቀድሜ «ቦሎቄው ወደ እኔ ይምጣ» አለማለቴ ቆጨኝ።