የቴትሮን በርጩማ

ከመርሳ ወደ ወልድያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሞልቶ ስለነበር፣ አንዲት ወጣት የያዘችውን በርጩማ ለአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሰጠቻቸውና መተላለፊያው ላይ ተቀመጡበት።

«ከምን የተሠራ ነው?»

«ከአሮጌ ልብስ ነው፣ አባቴ። ጥጥና ፖሊስተር ከተቀላቀለበት። ፈጭተን ከፕላስቲክ ጋር እናቀልጠውና ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እንጨምቀዋለን።»

«ቴትሮን ነዋ። አርባ ዓመት ሰፍቼዋለሁ። ሁለት ክረምት ሳይሞላው መቀመጫው ላይ ይነትባል።»

«አሁን እኮ ሱሪ አይደለም።»

«ወላሂ፣ ሱሪ ሆኖ ያልቻለውን ቂጥ በርጩማ ሆኖ ሊችለው ነው?»

«ወልድያ ላለ ትምህርት ቤት ላሳየው ነው የምሄደው። እምቢ ካሉን መጭመቂያ ማሽኑን እንሸጠዋለን።»

«እንግዲያ ከዛሬ ጀምራችሁ ገዢ ፈልጉ። ቡትቶ ቢያቀልጡትም ቡትቶ ነው።»

«‹የሰው ክብደት ይችላል ወይ?› ቢሉኝ ምን ልበላቸው?»

«የመርሳው ልብስ ሰፊ እስከ ወልድያ ሲሰድበው መጣ በያቸው።»

«‹ቆሞ ነው ተቀምጦ?› ቢሉኝስ?»

እኔም መናኸሪያው እስክንደርስ ዓይኔን ከበርጩማው አራት እግሮች ላይ አላነሳሁም።