በጀጎል ጠባብ መንገድ

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት ጎናቸው ላለችው ወጣት ያወሩ ነበር።

«ለሠርግ ድሬዳዋ ሄጄ፣ ሐረርን ለአንድ ቀን አየኋት። እህቴም የምትኖረው እዚያው ሐረር ነው፤ በአባታችን መሬት የተነሳ ከተኳረፍን ቆየን።»

«ታዲያ ቤታቸው ሄዱ?»

«ወላሂ፣ ደጇን አልረግጥም ብዬ! የጥንቱን ግንብ ልይ ብዬ ጀጎል ገባሁ። መንገዱ ጠባብ፣ ሰዉ ጢም ያለ። መሐሉ ላይ ከእሷ ጋር ፊት ለፊት!»

«ይበልዎት እናቴ! ማን ቀድሞ ተናገረ?»

«ማንም። እሷንም ከኋላ ይገፏታል፣ እኔንም ይገፉኛል። ደረቷ ላይ አረፍኩ። ጠረኗ የእናታችን ነው፤ ተቃቅፈን አለቀስን።»

«አላህ ነው ያገናኛችሁ።»

«አልሐምዱሊላህ። ወልድያ ቢሆን እኮ መንገዱ ሰፊ ነው፤ ተሻግሬ አልፋት ነበር።»

ያለ አስተማሪ ስንት መጽሐፍ ያገላበጥኩ፣ የጀጎልን በሮች በየስማቸው የምጠራ እኔ፣ የጠባቡን መንገድ ጥቅም ገና ዛሬ ከእኚህ እናት ሰማሁ።