ያልተመለሰ ደም

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ታክሲ፣ ከፊቴ የተቀመጠ የፋብሪካ ሠራተኛ ቪዲዮ ቤት ያየውን የሰይፍ ፊልም አጠገቡ ላሉት ሽማግሌ የኩታበር ገበሬ ይተርክላቸዋል።

«በመጨረሻ የአባቱን ገዳይ በሰይፍ ጣለው! ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ።»

«እናቱስ ምን አለች?»

«‹ክብራችንን መለስክ› ብላ ሳመችው።»

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ።

«የእኔንም አባት ሰው ገድሎት ነበር። እኔ ግን ደም አልመለስኩም፤ በሽማግሌ ታረቅሁ።»

«ደግ አደረጉ፣ አባባ።»

«እናቴ ግን ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም። ‹ልጅ የለኝም› እንዳለች ሞተች።»

«ታዲያ ይጸጸታሉ?»

«በመታረቄስ አልጸጸትም፤ ልጆቼ ያለ ስጋት ያርሳሉ። ግን አንዳቸውንም ሳታቅፍልኝ ሞተች።»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ሳልል እሳቸውን እየሰማሁ አለፍኩት።