ጋሼ አትንኩ ነገ ውሃ ይገባሉ

ኧረ ይቀመጡ ጋሼ! ማይክራፎኑን ለክቼዋለሁ፤ አይነዝርም።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሼ እዚህ መዋኛ ቦታ ሥራ የገቡበትን ቀን የፎጣ ክፍሏ እትዬ እየሳቁ ነው የነገሩን። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ሙቅ ገንዳው ውስጥ ተዘፍዝፈው «እንኳን ደህና መጣህ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ አሉ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደብቆ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ መጀመሪያ ይውጡ፤ ከዚያ እንጨባበጣለን» አላቸው። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው «ጋሼ አትንኩ» ሆኖ ቀረ።

ሃያ ስምንት ዓመት ገንዳ ጠብቀው አንድ ቀን እንኳ እግራቸውን ነክረው አያውቁም! በየማለዳው በሩ ሳይከፈት የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተራቸውን ይዘው መሰላሉን፣ ፓምፑን፣ የእጅ መያዣውን ብረት ሁሉ ይዞራሉ። የዋና አስተማሪያችን «ትናንት ለክተውት የለ እንዴ?» ሲላቸው፣ «የትናንቱ ዋናተኛ በሰላም ወጥቷል፤ እኔ የምለካው ለዛሬው ነው» ይሉታል። ስንቴ ስቀንባቸዋል!

እኔ ግን መሳቅ ካቆምኩ አራት ዓመቴ ነው። ጋሼ ለማንም ትንፍሽ አላሉብኝም፤ ዛሬ ራሴ ልናገር። የሙቅ ገንዳውን የእጅ መያዣ የቀየርኩት እኔ ነበርኩ። ከሥሩ የምትወጣዋን፣ ከሌሎቹ ብረቶች ጋር የምታያይዘውን የመዳብ ሽቦ ሳላስራት ሰድር ሠሪው ደፈነባት። አይቻለሁ። ፓምፑ የመሬት ሽቦ አለው፣ ምን ይመጣል ብዬ ዝም አልኩ። በማግስቱ ማለዳ ልጄን ይዣት መጣሁ። ጋሼ ዙራቸውን ጀምረዋል፤ እዚያ ገና አልደረሱም። የልጄ አንድ እግር ውሃው ውስጥ ነው፣ እጇ ወደ ብረቱ እየሄደ ነው።

«አትንኪ!»

ያ የጋሼ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ልጄ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ጋሼ አንዱን ጫፍ ውሃው ላይ፣ ሌላውን ብረቱ ላይ አድርገው ለኩ። ዜሮ አልነበረም። የገንዳው መብራት ወደ ውሃው ኤሌክትሪክ ያፈስ ነበር። ልጄን አንስቼ ከገንዳው አራቅኳት።

«የመሬት ሽቦው ለፓምፑ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ውሃውንና ብረቱን ማን አስታረቃቸው? ብረት ሁሉ በአንድ ሽቦ ካልተያያዘ፣ ጠቡን መሀል የገባው ሰው ነው የሚሸከመው።» ሰድሩን አብረን ፈነቀልነው።

ጋሼ፣ ያቺ ልጅ ይኸውና እዚያ ጥግ ኬክ እየበላች ነው። ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም። እድሜ ይስጥልኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ፈርቻለሁ። ከነገ ጀምሮ የምለካው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ቴስተሩን ሲያስረክቡኝ «ጋሼ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የሚያመልጠኝ ነገር ቢኖርስ?» አልኳቸው። «ጥሩ ነው፤ መንቀጥቀጡን የተወ ቀን ቴስተሩን መልሽልኝ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ነገ ለክተሽ ስትጨርሺ ጥሪኝ። ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ።»

ስጦታችን የዋና ቁምጣ የሆነው ለዚህ ነው፤ አትሳቁ! እሳቸው ነፍሳቸውን በእኔ እጅ ሊጥሉ ነው። ሦስቴ እለካለሁ፤ አራቴም።

በሉ ብርጭቋችንን እናንሳ። እጃችሁ እርጥብ ከሆነ አድርቁ፣ ጋሼ እያዩ ነው። ለጤናዎ፣ ለረጅም ዕድሜዎ! ነገ ግን ጋሼ፣ ውሃው ውስጥ ሆነው እጅዎን ቢዘረጉልኝ አልቀበልዎትም። መጀመሪያ በሰላም ይውጡልኝ፤ ከዚያ እንጨባበጣለን።